ሳይቃና የከረመው ኮፈን

ስቱኮን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ተጋጭቶ የተጎዳ የመኪና ብረት ተቀጥቅጦ ከተቃና በኋላ የቀረውን ሸካራ ቦታ ለመሙላት የሚለቀለቅ ነገር ነው። ሽታው በአፍንጫ ገብቶ ግንባር ላይ ይቀመጣል። ብዙ ሰው ይጠላዋል። እኔ አልጠላውም፤ እወደዋለሁ ብል ግን ውሸት ነው። በሸተተኝ ቁጥር ስምንት ዓመቴ ይሆናል፣ መቱ ላይ ዝናብ ይዘንባል፣ አባቴም ቤት የለም።

ባለፈው ዓመት ለዘመድ ለቅሶ መቱ ሄጄ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው መንገድ ሳልፍ ያው ሽታ መጣብኝ። የጋሼ ጀማል ጋራዥ የነበረበት ቦታ ላይ አሁን ፎቅ እየተሠራ ነው፤ ሽታው የመጣው ከማዶ ካለ ሌላ ጋራዥ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ ስቀር አንዱ ሠራተኛ ቀና ብሎ "ምን ፈልገሽ ነው እህቴ?" አለኝ። "ምንም" አልኩት። ብነግረው ሥራ አስፈታው ነበር።

ጋሼ ጀማል ጎረቤታችን ነበሩ። የእኛን ግቢ ከእሳቸው ጋራዥ የሚለየው የዛገ ቆርቆሮ አጥር ነው፤ እሱም አንድ ጥግ ላይ ተገንጥሎ እኔን የሚያህል መሽሎኪያ ነበረው። ሥራቸው ላሜራ ነው። የተጨረማመተ በርና የተጣመመ ኮፈን ይመጣላቸዋል፤ በግራ እጃቸው ከስር ብረት ይደግፋሉ፣ በቀኝ እጃቸው ከላይ በመዶሻ እየነካኩ ወደ ቦታው ይመልሱታል። ዕድሜ ልካቸውን ብረት ሲደበድቡ ጆሯቸው ደክሟል። ራሳቸው ስለማይሰሙ ሌላውም የማይሰማ ይመስላቸዋል። እናቴ አጥሩ ስር ቆማ በሹክሹክታ የነገረቻቸውን ነገር "ምን አልሽ? የሟቹ ዘመዶች አንታረቅም አሉ?" ብለው ለሰፈሩ ያሰሙታል። በዚያ ክረምት ትልልቆቹ ከእኔ የደበቁትን ሁሉ ያወቅሁት በዚህ መንገድ ነው።

አባቴ ታደሰ ሹፌር ነበር። ሰውም ጭነትም የምትይዝ ሰማያዊ ፒካፕ ነበረችን፤ ከመቱ ኡካ ትመላለሳለች፣ አንዳንዴም ያዮ ትሄዳለች። ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ማለዳ በኡካ መንገድ ጉም ውስጥ ሲነዳ ከዛፎቹ መሀል ድንገት መንገድ የገባ ሰው ገጨ። ራሱ አንስቶ ሆስፒታል አደረሰው። ሰውየው ግን አልተረፈም። ገመቹ ይባላል፤ ወደ ሶር በሚወስደው መንገድ ካለች ቀበሌ ነው፣ ወጣት ነበር።

አባቴ እጁን ሰጠ፤ ጥቂት ታስሮ በዋስ ተለቀቀ። ቤት ግን አልመጣም። የሟች ዘመዶች ለገበያ ሲመጡ የሚያልፉት በደጃችን ነው፤ ጉማው ሳይፈጸም፣ ማለትም በሽማግሌዎች ፊት ካሳው ተቆርጦ እርቁ ሳይወርድ፣ ያጠፋ ሰው በሟች ወገን ዓይን ስር አይዘዋወርም። ስለዚህ ያዮ፣ አክስቱ ቤት ተቀመጠ። መኪናዋ ደግሞ ፖሊስ መርምሮ ሲለቃት ተጎትታ ጋሼ ጀማል ግቢ ገባች።

ከመኪናዋ የተጎዳው ኮፈኗ ብቻ ነበር። በግራ በኩል፣ ከዝናብ መጥረጊያው ዝቅ ብሎ፣ ለስለስ ያለ ሰፊ ጎድጓዳ ነበረው። ሌሎቹ ጋራዡ ውስጥ ያሉ መኪኖች የተቀደዱና የተቦጨቁ ነበሩ። የእኛዋ እንደነሱ አልነበረችም፤ አንድ ሰው ጋደም ብሎባት የተነሳ ነበር የምትመስለው።

እናቴን "አባዬ መቼ ነው የሚመጣው?" አልኳት።

"መኪናዋ ስትሠራ።"

ዝም ልታሰኘኝ ያለችው ነው። ለሻይ ቤቶች የምታደርሰውን ዳቦ እያቦካች ነበር፤ አባቴ ከሄደ ወዲህ የምንበላው ከዚያ ነው። ያለችውን እሷ ወዲያው ረሳችው፣ እኔ ግን ቃል አድርጌ ያዝኩት። መኪናዋ ከተሠራች አባቴ ይመጣል፤ የሚሠሯት ጋሼ ጀማል ናቸው። እንግዲህ አባቴን የያዙት ጋሼ ጀማል ናቸው ማለት ነው። ይህን ሳውጠነጥን ፖሊሱንም ሽማግሌውንም ከነአካቴው ረሳኋቸው።

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር በየማለዳው በመሽሎኪያው እገባለሁ። ጋሼ ጀማል ሻያቸውን ይዘው በጎማ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል።

"ኢንስፔክተሯ መጣች! ዛሬስ ምን አገኘች?"

"ጋሼ፣ የእኛን መኪና ዛሬ ይሠሯታል?"

"አልሠራትም።"

"ለምን?"

"ጊዜዋ አልደረሰም፣ የኔ ልጅ።"

ከእኛ በኋላ የገባ የወፍጮ ቤት መኪና ተሠርቶ ወጣ። ከጎሬ የመጣ፣ በሩ እንደ ቆርኪ የተጨማደደ ሚኒባስ ስቱኮ ተለቀለቀ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፈገፈገ፣ ቀለም ተቀባ፣ ሄደ። የእኛዋ ቁጭ። ይባስ ብሎ ጋሼ ጀማል በየማለዳው ዘይት የነካ ጨርቅ ይዘው ይመጡና ጎድጓዳውን ቀስ አድርገው ያሹታል። ሌላውን መኪና ሲደበድቡ ይውላሉ፣ የእኛን ያባብላሉ። ይህ ነገር አናደደኝ። ሰላምታ ነሳኋቸው። ጆሯቸው ደካማ ነውና ሰላም ብልም ባልልም አያውቁትም፤ "ዋዓለይኩም ሰላም" እያሉ ያልተናገርኩትን ይመልሱልኝ ነበር።

በሐምሌ አጋማሽ ገደማ አጎቴ ግርማ ከበደሌ መጣ። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሲናገር እጁን እያጨበጨበ ነገር የሚያሳጥር ሰው። ገመድና የሚጎትት መኪና ይዞ ነበር የመጣው። በደሌ የሚያውቀው ላሜራ ሠሪ አለ፤ ኮፈኑን ቶሎ ያቃናዋል፣ መኪናዋ ሌላ ሹፌር ተቀጥሮላት ሥራ ትጀምራለች፣ እህቱም ከዳቦ ትገላገላለች። እኔ በደስታ ልሞት ደረስኩ። በእኔ ስሌት አባቴ በሳምንቱ ቤት ነው።

ሁሉም ጋራዡ ውስጥ ቆመዋል። እናቴ የዳቦ ትሪዋን እንደያዘች ናት። አጎቴ ገመዱን ከፊት ማሰር ጀምሯል።

"ጋሼ፣ እርስዎ አልሠራም ካሉ የሚሠራ ጠፍቶ አይደለም" አለ።

"ውሰዳት። በር አልዘጋሁብህም።"

"ለመሆኑ እርስዎ ሽማግሌ ነዎት ወይስ ላሜራ ሠሪ?"

"ላሜራ ሠሪ ነኝ። ለዚህ ነው የማልነካት።" ከጎማው ተነሱ። "ሥራ ያስተማረኝ ሰውዬ ጎሬ ነበር። ሰው የገጨ መኪና መጣለት፤ ሰው የሞተበት። እጁ ልዩ ነበር፣ አሳምሮ አወጣው። ቀለሙ በቅጡ ሳይደርቅ ባለቤቱ በለቅሶው ድንኳን አጠገብ ነድቶት አለፈ። የሟች ወገን ወጥተው አዩት። አንድ ጭረት የለበትም! 'ልጃችን ታዲያ በምን ሞተ?' አሉ። ከዚያ በኋላ ሽማግሌ ቢላክ፣ ቢላክ፣ ወይ ፍንክች! ሹፌሩ ቤቱን ዘግቶ አገር ለቆ ሄደ። ልጆቹ ያለ አባት አደጉ። እንግዲህ እኔ ሰው የሞተበትን ብረት ጉማ ሳያልቅ አልነካም፤ ሌላው የወደደውን ያድርግ።"

ይህን ሁሉ የተናገሩት በመደበኛ ድምፃቸው ስለነበር ሻይ ቤቱ በር ላይ የተቀመጡ ሰዎች ዞረው ያዩን ነበር። አጎቴ አፍሮ ሳቀ። "እሺ ዝገቱስ? እስከዚያ ድረስ ብረቱን በልቶት ያልቃል!"

"ዝገቱን ለእኔ ተወው። በየቀኑ ዘይት የምቀባው ለምን መሰለህ?"

ሁላቸውም እናቴን ተመለከቱ። እኔ ቀሚሷን ይዤ "እማዬ ትሂድ! ትሠራና አባዬ ይምጣ!" አልኳት። እናቴ ትሪውን ኮፈኑ ላይ ልታስቀምጥ ዝቅ አደረገችና መልሳ አነሳችው። ያንን አስታውሳለሁ፤ ጎድጓዳው ላይ ዳቦ ማስቀመጥ ያልቻለች ይመስለኛል።

"ግርማ፣ ገመዱን ፍታው" አለች።

"እትዬ፣ በምን ልትኖሪ ነው?"

"ፍታው አልኩህ እኮ።"

አጎቴ ምሳ ሳይበላ ተመለሰ። እናቴ ማታ ስታለቅስ ሰማኋት፤ እኔም ተናድጄ ስለነበር አላባበልኳትም። በደጃችን ያለፈ ዕድል አድርጌ ነበር የቆጠርኩት።

ከዚያ በኋላ ነው ስለ ሰውየው ማሰብ የጀመርኩት። እስከዚያ ድረስ ገመቹ ለእኔ ትልልቆች የሚንሾካሾኩበት ስም ብቻ ነበር። የጋሼ ጀማልን ወሬ ከሰማሁ ጀምሮ ግን ጎድጓዳውን ሳየው የእሱ መሰለኝ። ድመታችን ዱቄት ቤት ውስጥ ጆንያ ላይ ትተኛለች፤ ስትነሳ ጎድጓዳው ይቀራል፣ ተመልሳም እዚያው ጎድጓዳ ውስጥ ትገባለች። ሰውየውም እንደዚያው ሳይሆን አይቀርም አልኩ። ቦታው እስካለ ይመለሳል። ጋሼ ጀማልም ቦታውን የሚጠብቁለት ለዚህ ነው። ሲመለስና ሲነሳ ሁሉም ነገር ያልቃል፣ አባቴም ይመጣል። ከመጀመሪያው ሐሳቤ ይህኛው የተሻለ ነበር፤ ቢያንስ ለጋሼ ጀማል እንደገና ሰላምታ መስጠት ጀመርኩ።

የኢሉባቦርን ዝናብ ያላየ ሰው ዝናብ አየሁ ባይል ጥሩ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ይወርድና ጠዋት ጎድጓዳው ውሃ አቁሮ ይገኛል፤ ላዩ ላይ ዘይቱ ቀለም እየሠራ ይንሳፈፋል፣ የዋንዛ ቅጠልም ይወድቅበታል። የሰው መኝታ ውሃ ሞልቶት ማየት አላስቻለኝም። የቲማቲም ጣሳ ይዤ በመሽሎኪያው እገባና ውሃውን እየቀዳሁ እደፋለሁ። የመጨረሻዋን ጠብታ በቀሚሴ ጫፍ አደርቃለሁ። መጀመሪያ ግን "አካም ቡልቴ?" እላለሁ፤ እንዴት አደርክ ማለት ነው። የሶር ሰው ስለሆነ በኦሮምኛ ነው የማናግረው። ቀሚሴ ዘይት በዘይት ሆኖ እናቴ ምን ያህል እንደቆጣችኝ መንገር አያስፈልግም።

ጋሼ ጀማል አንድ ጠዋት ደረሱብኝ።

"ምን እየሠራሽ ነው?"

"ውሃውን እየደፋሁ።"

"ለምን?"

"እንዳይበርደው።"

የሰሙኝ አልመሰለኝም ነበር። ጠጋ ብለው ጆሯቸውን አቀረቡልኝ፤ ደግሜ ነገርኳቸው። ኮፊያቸውን አውልቀው ጭንቅላታቸውን አከኩ። እሳቸው የሰሙትን ጮክ ብለው ሳይደግሙ የቀሩበት ብቸኛ ቀን ያ ይመስለኛል። በነጋታው ስሄድ ኮፈኑ ላይ ላስቲክ ተጋድሞ፣ ጥግ ጥጉ በድንጋይ ተይዟል። ላስቲኩ ግን ንፋስ ይገልጠዋል፤ ስለዚህ ከጣሳዬ ጋር ሥራዬን ቀጠልኩ።

መስከረም ጠባ፣ ትምህርት ተከፈተ፣ ዝናቡ ግን አልሰማም። በአንድ ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋራዡ ውስጥ በትር የያዙ ሽማግሌዎች መኪናዋን ከበው ቆመዋል። አንደኛው ከሟች ወገን መሆኑን የጋሼ ጀማል ድምፅ ነገረኝ። ሰውየው ላስቲኩን ገለጠ፣ ጎድጓዳውን አየ፣ ጣቱን አስነክቶ ወደ አፍንጫው አቀረበ።

"እንደነበረች ናት?" አለ።

"እንደነበረች ናት።"

"ዘይቱስ?"

"ዝገት እንዳይበላት ነው። መዶሻ ግን አልነካትም።"

ሰውየው ላስቲኩን መልሶ አለበሰው። ድንጋዮቹንም ራሱ አስተካክሎ አስቀመጠ። ከዚያ ሻይ አምጡልን አለ። እናቴ ከአጥሩ ወዲህ ሆና ሰማችው፤ የሟች ወገን በእኛ ነገር ላይ ቁጭ ብሎ ሻይ ሲጠይቅ የመጀመሪያው ነበር።

ጉማው የተፈጸመው ከመስቀል በኋላ ነው። ሕፃን አይሄድምና ምን እንደተደረገ አላየሁም። አባቴ ከያዮ በቀጥታ ወደዚያው ሄዶ፣ ሲያልቅም ወደ ያዮ ተመለሰ። እናቴ "ግባ፣ አልቋል እኮ" ብላ ብትልክበትም "መኪናዋ እንደዚያ ሆና ቆማ በእሷ አጠገብ አልፌ ወደ ቤቴ አልገባም" አለ አሉ። እናቴ እኔን ዝም ለማሰኘት ያለችው ነገር በመጨረሻ እውነት ሆኖ አረፈ።

በገበያው ቀን ጋሼ ጀማል ኮፈኑን ፈትተው በሁለት በርሜል ላይ አጋደሙት። ዘይቱን በቤንዚን አጠቡት። ደጋፊውን ብረት ከስር አስገብተው መዶሻውን ሊያነሱ ሲሉ ከበሩ በኩል "ኤጊ!" የሚል ድምፅ መጣ። ቆይ ማለት ነው።

ጥቁር የለበሱ አሮጊት ናቸው፤ ከኋላቸው የቆመው ያ ሻይ የጠየቀው ሽማግሌ ነው። የገመቹ እናት፣ አዴ ጫልቱ፤ አዴ እትዬ እንደማለት ነው። ለገበያ ሲሉ ሳይሆን ለዚህ ብለው ነው የመጡት፤ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ነበር። ጋሼ ጀማል መዶሻውን መሬት አስቀምጠው ወደ ኋላ ሸሹ።

አዴ ጫልቱ ቀርበው ኮፈኑን ተመለከቱ።

"እዚህ ነው?"

"አዎ፣ እናቴ" አሏቸው ጋሼ ጀማል።

መዳፋቸውን ጎድጓዳው ውስጥ አስገቡት። "ኢልመ ኮ" አሉ፣ ልጄ። አላለቀሱም። እናቴ፣ ኋላ እንደነገረችኝ፣ በመሽሎኪያው ጎንበስ ብላ ልትጠራኝ እጇን እያወናጨፈች ነበር፤ እኔ ግን በርሜሉ አጠገብ ቆሜ ነበር፣ አላየኋትም። ስለዚያ ጎድጓዳ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው እንደሌለ እርግጠኛ ስለነበርኩ ሴትዮዋም ማወቅ የሚፈልጉ መሰለኝ።

"ዝናብ ሲዘንብ ውሃ ይሞላበት ነበር" አልኳቸው በኦሮምኛ። "እኔ ግን እደፋለታለሁ። አልበረደውም።"

ጋሼ ጀማል ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሽማግሌው በትሩን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

አዴ ጫልቱ ወደ እኔ ዞሩ። "የማን ልጅ ነሽ?"

"የታደሰ።"

የአባቴ ስም በዚያ ቦታ ላይ መጠራት እንዳልነበረበት የገባኝ የሁሉንም ፊት ሳይ ነው፤ ያኔ ብቻ ፈራሁ። አሮጊቷ ግን ለረጅም ጊዜ አዩኝ፤ ቀሚሴን፣ በዘይት የጠቆረውን ጫፉን።

"በየቀኑ ትደፊለት ነበር?"

"በዘነበ ቁጥር።"

እጄን ያዙና አጠገባቸው ጎድጓዳው ውስጥ አስቀመጡት። መዳፋቸው ሻካራና ሞቃት ነበር፤ ብረቱ ቀዝቃዛ። እንደዚያ ሆነን ቆየን። ከዚያ የእኔንም የራሳቸውንም እጅ አነሱ።

"በል፣ አሁን ምታው" አሉ ለጋሼ ጀማል። ሲወጡ እናቴን በመሽሎኪያው በኩል አዩአትና አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም አሏት። እናቴም እጅ ነሳቻቸው።

ጋሼ ጀማል የመቱት እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም። ቀስ እያሉ፣ መዶሻቸውን እያሳረፉ፣ በመዳፋቸው እየዳሰሱ ሠሩት። ጎድጓዳው ከዳሩ ጀምሮ እየጠበበ፣ እየጠበበ ሲሄድ ቆሜ አየሁ። ስንት ወር የፈለግኩት ነገር ነው፤ ሲሆን ግን ጎድጓዳው ከጠፋ ሰውየው የት ይመለሳል አልኩ። ድመቷን፣ ጆንያውን አሰብኩ። በመጨረሻ ስስ ስቱኮ ለቀለቁበት፤ ሽታው ግቢያችንን ሞላው።

አባቴ የመጣው ቀለሙ ደርቆ መኪናዋ በራችን ላይ ከቆመች በኋላ ነው። ከስቶ፣ ጢሙ አድጎ ነበር። እናቴን ሳመ፣ እኔን አንስቶ መልሶ አስቀመጠኝ፤ የሌላ ሰው ልጅ የያዘ ይመስል ነበር። እናቴ ሻይ ልትቀዳ ስትገባ ወደ መኪናዋ ሄደ። መዳፉን ኮፈኑ ላይ አሳርፎ ወዲያና ወዲህ አንሸራተተው። ጎንበስ ብሎ በብርሃን አየው፣ እንደገና ዳሰሰው። የጋሼ ጀማል ሥራ ነውና ምንም የለም። ፈልጎ፣ ፈልጎ አጣው።

ሄጄ እጁን ያዝኩት። ከዝናብ መጥረጊያው ዝቅ አድርጌ ወደ ግራ ወሰድኩትና አስቀመጥኩለት።

"እዚህ ነው" አልኩት።

እናቴ ሻዩን ይዛ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። አባቴ እጁን ሳያነሳ ሻዩ ቀዘቀዘ።